ባስኮቹ በአሜሪካ፤ ከበግ እረኝነት እስከ ኮከብ ግብ አግቢነት

በአሜሪካ የአይዳሆ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው ቦይሲ የሚገኘው አልበርትሰንስ ስታዲየም ለእኛው እግር ኳስ የተሠራ አይደለም። የአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ነው። ይሄም ብቻ አይደለም፤ ሜዳው ሰማያዊ ነው። ከ1986 ጀምሮ የተነጠፈበት አረንጓዴ ሳር ሳይሆን ሰማያዊ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጁላይ 18 ቀን 2015 በዚህ ሰማያዊ ሜዳ ላይ እውነተኛ ሳር ተደረበበት። ከስፔን ድረስ የመጣው አትሌቲክ ቢልባኦ ከሜክሲኮው ቲሁዋና ጋር ሊጫወት ነው። ከ20 ሺህ በላይ ሕዝብ ገባ፤ ቢልባኦም 2ለ0 አሸነፈ። ጨዋታው የወዳጅነት ነው፤ ነጥብም ዋንጫም የለውም። ለቦይሲ ሰዎች ግን ከዋንጫ ያላነሰ ነበር።

ትላልቆቹ የአውሮፓ ክለቦች በክረምት ወደ አሜሪካ ብቅ ሲሉ የሚመርጡት ኒውዮርክን፣ ሎስ አንጀለስን ወይም ማያሚን ነው። ገንዘቡም ቴሌቪዥኑም ያለው እዚያ ነው። ታዲያ አትሌቲክ ቢልባኦን በተራራ ጥግ ወደተቀመጠችው ቦይሲ ምን ወሰደው? መልሱ አጭር ነው፤ ዘመዶቹ ያሉት እዚያ ስለሆነ።

ከመቶ ዓመት በፊት ከቢልባኦ ዙሪያ ካሉ መንደሮች ተነስተው በግ ሊጠብቁ አይዳሆ የገቡ ወጣቶች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም ቦይሲ ውስጥ ይኖራሉ። የነዚህ ሰዎች ታሪክ የበግና የዳቦ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የኳስም ታሪክ ነው። አሜሪካ ሲባልም ዩናይትድ ስቴትስ ብቻ እንዳትመስል። በባስኮች ታሪክ ውስጥ ሜክሲኮም አለች፤ አርጀንቲናም አለች።

ለመሆኑ ባስኮች እነማን ናቸው?

ኳስ አፍቃሪው ባስኮችን ሳያውቃቸው ያውቃቸዋል። በ2005 ኢስታንቡል ላይ ሊቨርፑል ሚላንን ከ3ለ0 ተነስቶ ሲያሸንፍ ሦስተኛዋን ጎል ያገባው ዣቢ አሎንሶ ባስክ ነው። አርሰናልን በ2019 የተረከበው ሚኬል አርቴታ ባስክ ነው። በ2021 ቪያሪያልን ይዞ ማንችስተር ዩናይትድን በፍጹም ቅጣት ምት በማሸነፍ የዩሮፓ ሊግን ዋንጫ ያነሳው ኡናይ ኤምሪም ባስክ ነው።

ሕዝቡ የሚኖረው በሰሜን ስፔንና በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ የፒሬኔ ተራሮችን ግራና ቀኝ ይዞ ነው። ኤውስካራ የሚባለው ቋንቋው ከስፓኒሽም ከፈረንሳይኛም ጋር አይዛመድም። እንዲያውም በዓለም ላይ ዘመዱ ነው ተብሎ የተረጋገጠ ሌላ ቋንቋ የለም። የራሱ መንግሥት ያለው ነጻ አገር ግን የለውም። ስለዚህ ፊፋ ዘንድ መቀመጫ የለውም፤ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ድልድል ውስጥም ስሙ አይገኝም።

ኳሱን ወደ ቢልባኦ ያመጡት ለመርከብ ሥራና ለማዕድን የመጡ እንግሊዞችና እንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱ የቢልባኦ ልጆች ናቸው። አትሌቲክ በ1898 ተመሠረተ። እስካሁን ከሪያል ማድሪድና ከባርሴሎና ጋር ከስፔን ከፍተኛ ሊግ ወርደው የማያውቁ ሦስቱ ክለቦች ይባላሉ። የሚገርመው ግን አለመውረዱ ብቻ አይደለም። ክለቡ የሚያሰልፈው በባስክ ምድር የተወለደን ወይም በባስክ ክለቦች ውስጥ ተኮትኩቶ ያደገን ተጫዋች ብቻ ነው። ገንዘብ እያለው ብራዚላዊ አይገዛም፤ አርጀንቲናዊም አይገዛም። ይህቺን ሕግ አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ በኋላ ላይ ትፈለጋለች።

ወርቁ ቀርቶ በጉ

ባስኮች ወደ አሜሪካ የተሰደዱበት ምክንያት ወዲህ ነው። የባስክ ገበሬ ቤቱንና መሬቱን ለልጆቹ ሁሉ አያካፍልም ነበር። ርስቱ ሳይቆራረስ ለአንድ ልጅ ይተላለፋል። የቀሩት ወንድሞችና እህቶች ወይ ገዳም ይገባሉ፣ ወይ በመርከብ ይቀጠራሉ፣ ወይ ይሰደዳሉ። በዚህ ላይ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእርስ በርስ ጦርነትና የግዳጅ ውትድርና ሲጨመርበት ወጣቱ ፊቱን ወደ ባሕር አዞረ።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ አርጀንቲናና ኡራጓይ ነው። በዚያ ጫፉ በማይታይ የግጦሽ መሬት ላይ ከብትና በግ ማርባትን ለመዱ። በ1848 ካሊፎርኒያ ውስጥ ወርቅ ሲገኝ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ወደ ሰሜን ተጓዙ። ወርቁ ለሁሉም አልደረሰም። ወርቅ ቆፋሪው ግን ሥጋ ይበላል፤ ልብስም ይለብሳል። ባስኮቹ ወርቁን ትተው በጉን ያዙ። ከካሊፎርኒያም ወደ ኔቫዳ፣ ወደ አይዳሆ፣ ወደ ኦሪገንና ወደ ዋዮሚንግ ተስፋፉ።

ሥራው የዋዛ አልነበረም። አንድ እረኛ ከ1,000 እስከ 2,000 የሚደርስ በግ ተረክቦ፣ ውሻውን አስከትሎ ወራቱን ተራራ ላይ ያሳልፋል። እንግሊዝኛ አይችልም። ቢችልም የሚያናግረው ሰው የለም፤ ስንቅ የሚያቀብለው ጓደኛው አልፎ አልፎ ብቅ ቢል ነው። ብዙዎቹ አገር ቤት እያሉ ገበሬ ወይም ዓሣ አጥማጅ ነበሩ እንጂ የዚህን ያህል መንጋ በዓይናቸውም አይተው አያውቁም። ብቸኝነቱ ሲከብዳቸው በተራራው ዛፎች ነጭ ግንድ ላይ በቢላ ስማቸውን፣ የመንደራቸውን ስም፣ የናፈቋትን ሴት መልክ ቀረጹ። እነዚህ ቅርጾች ዛሬ ተመራማሪዎች ፎቶ እያነሱ የሚሰበስቧቸው ቅርስ ሆነዋል። ዛፉ ዕድሜው አጭር ነውና በየጊዜው ከነጽሑፉ የሚወድቀው ብዙ ነው።

አንዳንዶቹ እረኞች ደመወዛቸውን በብር ፋንታ በሴት በግ እየተቀበሉ የራሳቸውን መንጋ መሠረቱ። መሬት ግን የላቸውም። የመንግሥት በሆነው ግጦሽ ላይ እየተዘዋወሩ ሲያግጡ ባለ ርስቶቹ ከብት አርቢዎች ጠመዷቸው። በ1934 የወጣው የግጦሽ ሕግ ይህን በር ዘጋው። ከዚያ በፊት በ1924 የወጣው የስደተኞች ሕግ ደግሞ ከስፔን በዓመት የሚገባውን ሰው ቁጥር 131 ላይ አቁሞት ነበር። ይሁን እንጂ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እረኛ ሲጠፋ ያው ኮንግረስ ቆይቶ ለበግ እረኞች ተብሎ ልዩ ሕግ አወጣ። ሲፈለጉ ና፣ ሳይፈለጉ ሂድ መሆኑ ነው።

ፔንሲዮንና ግድግዳ

ክረምቱ ሲገባ በጉ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ሥራ የሌለው እረኛ ወደ ከተማ ይገባል። ማረፊያው የባስክ ፔንሲዮን ነው። በፔንሲዮኑ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ሁሉም አብሮ ይበላል። ባለቤቶቹ ለእረኛው ከአልጋና ከምግብ በላይ ናቸው፤ ሲታመም ሐኪም ቤት ይወስዱታል፣ ያስተረጉሙለታል፣ ገንዘቡን ያስቀምጡለታል፣ ደብዳቤውን ይጽፉለታል። ከአገር ቤት ለሥራ የመጣችው ልጃገረድም ብዙ ሳትቆይ ከእረኞቹ አንዱን ታገባለች። በአይዳሆና በኔቫዳ የሚኖሩ ብዙ ባስኮች ቤተሰባቸው የተመሠረተው በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው።

ቦይሲ ውስጥ በ1864 የተሠራ አንድ የጡብ ቤት ከጊዜ በኋላ ለዓመታት የባስክ ፔንሲዮን ሆኖ አገልግሏል። ዛሬ በ1985 የተቋቋመው የባስክ ሙዚየም አካል ነው። ከዚያው መንገድ ላይ በ1914 የተሠራ፣ ውስጡ ትልቅ የመጫወቻ ግድግዳ ያለው ሌላ ፔንሲዮን አለ። ፔሎታ ኳስን በእጅ ወይም በመምቻ ግድግዳ ላይ እየመቱ የሚጫወቱት የባስኮች ባህላዊ ስፖርት ነው። ሰውየው መተኛ ቤት ሲሠራ መጫወቻውን አብሮ መሥራቱ ስለ ባስኮች ብዙ ይናገራል። ያ ግድግዳ እስከ ዘመናችን ድረስ ኳስ ሲመታበት ኖሯል።

ይኸው ጨዋታ በሌላኛው የአሜሪካ ጫፍ የገንዘብ ምንጭ ሆኗል። ማያሚ ውስጥ በ1926 የተከፈተው የጃይ አላይ አዳራሽ ተመልካቹ እንደ ፈረስ ውድድር ገንዘብ የሚያስይዝበት ነበር። ተጫዋቾቹ በአብዛኛው ከባስክ መንደሮች የሚመጡ ወጣቶች ናቸው። በክንዳቸው ላይ የታሰረው ቅርጫት ኳሷን የሚወረውርበት ፍጥነት ለዓይን የሚከብድ ነው። ዘመኑ ግን አልዘለቀም። በ1988 ተጫዋቾቹ ስለ ክፍያና ስለ ሥራ ዋስትና የሥራ ማቆም አድማ መቱ። አድማው ሦስት ዓመት ገደማ ፈጀ፤ ስፖርቱም ወደ ቀድሞ ክብሩ ሳይመለስ ቀረ።

የእረኞቹ ልጆች ግን በበግ ጥበቃ አልቀሩም። ፖል ላክሳልት የበግ እረኛ ልጅ ሆኖ የኔቫዳ ግዛት ገዢ፣ ቀጥሎም የአሜሪካ ሴናተር ለመሆን በቃ። ወንድሙ ሮበርት በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ አባቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ትውልድ አገሩ ያደረገውን ጉዞ ጽፎ፣ ባስኮችን ለአሜሪካ አንባቢ አስተዋወቀ። ፒት ሴናሩሳ ከ1967 እስከ 2003 የአይዳሆ ግዛት ዋና ጸሐፊ ሆኖ ሠራ። ቢልባኦ ቦይሲ ላይ በተጫወተበት በ2015 የከተማዋ ከንቲባ የነበረው ዴቭ ቢተርም በእናቱ ባስክ ነው፤ ኤውስካራ ይናገራል።

አራቱ ጎሎች

አሁን ወደ ሌላው መርከብ እንለፍ። በዚህኛው የተሳፈሩት እረኞች አልነበሩም። የዘመናቸው ኮከቦች ነበሩ።

ስፔን የዓለም ዋንጫን ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1934 ጣሊያን ላይ ነው። ብራዚልን 3ለ1 አሸነፈች፤ ከአዘጋጇ ጣሊያን ጋር 1ለ1 ተለያየች፤ በድጋሚው ጨዋታ 1ለ0 ተሸንፋ ወጣች። በድምሩ አራት ጎል አገባች። ሁለቱን ኢሲድሮ ላንጋራ፣ አንዱን ሆሴ ኢራራጎሪ፣ አንዱን ሉዊስ ሬጌይሮ አስቆጠሩ። ሦስቱም ባስኮች ናቸው። ከሦስት ዓመት በኋላም ሦስቱም በአንድ መርከብ ተሳፍረው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ።

ላንጋራ ማለት በዘመኑ ግብ ጠባቂ የሚፈራው ሰው ነው። ለኦቪዬዶ እየተጫወተ በ1934፣ በ1935 እና በ1936 በተከታታይ የላሊጋ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗል። ለስፔን ብሔራዊ ቡድን 12 ጊዜ ተሰልፎ 17 ጎል አግብቷል። በ1936 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፈነዳ ገና የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ከዚያ ወዲያ የስፔንን መለያ ዳግም አልለበሰውም።

በጦርነቱ መሀል የባስክ ራስ ገዝ መንግሥት ተመሠረተ። ፕሬዚዳንቱ ሆሴ አንቶኒዮ አጊሬ ቀድሞ ለአትሌቲክ ቢልባኦ የተጫወተ ሰው ነው። ኳስ ተጫዋች የነበረ መሪ ደግሞ ኳስ ምን እንደምትሠራ ያውቃል። ምርጥ ተጫዋቾች ተሰባስበው “ኤውስካዲ” በሚል የአገራቸው ስም ወደ ውጭ እንዲወጡ ተደረገ። ዓላማው ሁለት ነው፤ አንደኛው ለጦርነቱ ተፈናቃዮች ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ሁለተኛው ደግሞ “እኛ አለን” ብሎ ለዓለም ማሳወቅ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ኤፕሪል 26 ቀን 1937 ፓሪስ ላይ ነበር። ኤውስካዲ ራሲንግ ፓሪስን 3ለ0 አሸነፈ፤ ላንጋራ ሃትሪክ ሠራ። በዚያችው ቀን የጀርመንና የጣሊያን አውሮፕላኖች የባስኮችን ጥንታዊ ከተማ ገርኒካን በቦምብ አወደሟት። በሁለተኛው ወር፣ ቡድኑ ሶቭየት ኅብረት ውስጥ እያለ፣ ቢልባኦ በጄኔራል ፍራንኮ ጦር እጅ ወደቀች። ተጫዋቾቹ የወከሉት መንግሥት አገሩን ተነጠቀ። ከዚያ በኋላ ሜዳ የሚገቡት ለማን ብለው ነው?

አንዳንዱ ተመለሰ። የግራ ክንፉ ጎሮስቲዛ አሜሪካን አልመረጠም፤ ፍራንኮ ወደያዘው ስፔን ሄደ። የቀሩት አትላንቲክን ተሻግረው ሜክሲኮ ገቡ።

ፊፋ በሩን ሲዘጋ

በፍራንኮ በኩል የተቋቋመው የስፔን ፌዴሬሽን አቤቱታውን ለፊፋ አሰማ። ፊፋም አባል አገሮች ከባስኮቹ ጋር እንዳይጫወቱ ከለከለ። አርጀንቲና የደረሰው ቡድን የኳስ እብድ በሆነ አገር ውስጥ ተቀምጦ ሜዳ ተከለከለ። ቺሊና ኩባ ተጫወተ። በመጨረሻ የተቀበለችው ሜክሲኮ ነች። ኤውስካዲ በ1938/39 እንደ አንድ ክለብ ተመዝግቦ በሜክሲኮ ሊግ ተወዳደረ፤ ከሻምፒዮኑ አስቱሪያስ ቀጥሎም ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። እንዲህ ዓይነት ነገር በኳስ ታሪክ ብዙ አይገኝም፤ የተሰደደ ብሔራዊ ቡድን በሰው አገር ሊግ ተመዝግቦ ሁለተኛ ሲወጣ።

ኤፕሪል 1939 ጦርነቱ በፍራንኮ ድል ተጠናቀቀ። ቡድኑም ተበተነ። ተጫዋቾቹ ግን አልጠፉም።

ላንጋራ ወደ ቦነስ አይረስ አቅንቶ ለሳን ሎሬንዞ ፈረመ። ሜይ 21 ቀን 1939 የመጀመሪያ ጨዋታውን ከሪቨር ፕሌት ጋር አደረገ። ከመርከብ በወረደበት ዕለት ሜዳ እንደገባ ይነገራል። ሳን ሎሬንዞ 4ለ2 አሸነፈ። አራቱንም ያገባው ላንጋራ ነው! ለክለቡ በ121 ጨዋታ 110 ጎል አስቆጠረ። በ1940 በ33 ጎል የአርጀንቲናን ኮከብ ግብ አግቢነት ከሌላ ተጫዋች ጋር ተጋራ። ከዚያም ወደ ሜክሲኮ ተመልሶ እዚያም ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በስፔን፣ በአርጀንቲናና በሜክሲኮ፣ በሦስት አገር ሊግ ጎል በማግባት አንደኛ ወጣ ማለት ነው።

አንሄል ዙቢዬታ ደግሞ ከሁሉም ትንሹ ነበር። በ1936 ለስፔን ሲሰለፍ ገና 17 ዓመት ከ284 ቀኑ ነው። ይህ ክብረ ወሰን እስከ 2021 ድረስ ቆይቶ የሰበረው የባርሴሎናው ጋቪ ነው። ዙቢዬታ ሳን ሎሬንዞ ገብቶ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ተጫወተ፤ በ1946 የአርጀንቲናን ሻምፒዮንነት ካነሱት አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ሳን ሎሬንዞ ወደ አውሮፓ ተጓዘ። የስፔንን ምርጥ ቡድን አንዴ 7ለ5፣ ሌላ ጊዜ 6ለ1 ረታ። በልጅነቱ ከአገር የወጣው ስደተኛ ከአሥር ዓመት በኋላ በአርጀንቲና ሻምፒዮን መለያ ተመልሶ መጣ። የተባረረ ተጫዋች ከዚህ የበለጠ መልስ መስጠት ይችላል?

ኢራራጎሪ በ1946 ወደ ቢልባኦ ተመለሰ፤ ላንጋራም በዚያው ዓመት ለኦቪዬዶ ሊጫወት መጣ። ሁለቱም ሠላሳዎቹን አጋምሰዋል። ካፒቴኑ ሉዊስ ሬጌይሮ ግን ሜክሲኮ ቀረ። እዚያ የተወለደው፣ ስሙን የወረሰው ልጁ በ1966ቱ የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ በሜክሲኮ ቡድን ውስጥ ተካትቷል። አባት ለስፔን፣ ልጅ ለሜክሲኮ። ኤውስካዲ የሚባለው ቡድን ደግሞ የሁለቱም አይደለም።

ፕሬዚዳንቱ አጊሬስ? በሐሰተኛ ስም በናዚ ጀርመን ውስጥ አቋርጦ ደቡብ አሜሪካ ገባ። በ1941 ኒውዮርክ ደርሶ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። የቀድሞው የአትሌቲክ ተጫዋች መንግሥቱን በስደት ሲመራ ቆይቶ በ1960 ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

“ባስኩ” ከባስኮቹ ጋር

በ1990ው የዓለም ዋንጫ ዩጎዝላቪያንና ጣሊያንን በፍጹም ቅጣት ምት ያስለቀሰውን የአርጀንቲና ግብ ጠባቂ ሰርሂዮ ጎይኮቼያን የማያስታውስ የዘመኑ ተመልካች የለም። የቤተሰብ ስሙ በኤውስካራ “የላይኛው ቤት” ማለት ነው። ከብራዚል በስተቀር በደቡብ አሜሪካ ቡድኖች የስም ዝርዝር ውስጥ እንዲህ ያለ ስም ፈልጎ ማጣት ይከብዳል።

ከሁሉም በላይ ታሪኩን የሚሸከመው ግን ሜክሲኮ ከተማ ውስጥ በ1958 ከባስክ ስደተኞች የተወለደው ሃቪየር አጊሬ ነው። ከፕሬዚዳንቱ ጋር የሚያገናኛቸው ስሙ ብቻ ነው። የኛ አገር ተመልካች በ2019ኙ የአፍሪካ ዋንጫ ግብፅን ሲያሰለጥን ያውቀዋል፤ በአገሯ የተዘጋጀውን ውድድር ግብፅ በጥሎ ማለፉ በደቡብ አፍሪካ ተሸንፋ ስትወጣ የተሰናበተው እሱ ነው። በ1986 ለሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ ተጫውቷል። በ2002 እና በ2010 ሜክሲኮን በአሰልጣኝነት ወደ ዓለም ዋንጫ መርቷል፤ በ2024 ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ተረክቧል። በመካከሉ የናቫራውን ኦሳሱናን በ2005/06 የላሊጋ አራተኛ አድርጓል። በሜክሲኮ የሚጠራው በስሙ አይደለም። “ኤል ቫስኮ” ነው የሚሉት፤ ባስኩ።

ኤፕሪል 6 ቀን 2024 ሴቪያ ላይ የስፔን ንጉሥ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። አትሌቲክ ቢልባኦ ዋንጫውን ካነሳ 40 ዓመት ሞልቶታል። በተቃራኒው የቆመው ማዮርካ ነው፤ አሰልጣኙም ኤል ቫስኮ። ጨዋታው 1ለ1 አለቀ። በፍጹም ቅጣት ምት ቢልባኦ 4ለ2 አሸነፈ። አሜሪካ የተወለደው ባስክ የአባቶቹ አገር ክለብ ሲጨፍር ቆሞ አየ።

በዚያ ጭፈራ መሀል የነበሩት ደግሞ ወንድማማቾቹ ኢኛኪና ኒኮ ዊሊያምስ ናቸው። ወላጆቻቸው ከጋና ተነስተው የሰሃራን በረሃ በእግር ጭምር አቋርጠው ስፔን የገቡ ስደተኞች ናቸው። ኢኛኪ ስሙን ያገኘው ወላጆቹን ከረዳ የባስክ ቄስ ነው። ለአትሌቲክ ቢልባኦ ለመጫወት ምንም ጥያቄ አልተነሳበትም፤ ቢልባኦ ተወልዶ በባስክ ምድር አድጓል።

እንግዲህ ያቺ ሕግ እዚህ ላይ ነው የምትፈለገው። ሕጓ ስለ ደም አታወራም፤ ስለ መሬትና ስለ አስተዳደግ ነው። ከጋናውያን ወላጆች ቢልባኦ የተወለደው ይሰለፋል። አያቱ ከቢዝካያ መንደር የሄደ፣ ስሙ በኤውስካራ የሚጻፍ፣ ፔሎታ የሚጫወት የቦይሲ ልጅ ግን ጎበዝ አጥቂ ቢሆን እንኳ በዘር ብቻ አይገባም። ቬኔዝዌላ ውስጥ ከባስክ ወላጆች የተወለደው ተከላካይ ፈርናንዶ አሞሬቢዬታ ለአትሌቲክ የተጫወተው በልጅነቱ ተመልሶ ባስክ ምድር ላይ ስላደገ ነው። እሱ ራሱ ኋላ ላይ የቬኔዝዌላን መለያ መረጠ፤ በ2011 ቬኔዝዌላ አርጀንቲናን 1ለ0 ስታሸንፍ ጎሏን በግንባሩ ያስቆጠረው እሱ ነው።

ይህ ለስደተኞቹ ልጆች ፍትሕ ነው ወይስ በደል? ሁለቱም ወገን የሚለው አለው። ክለቡ በዘር ቢመርጥ ኖሮ ዊሊያምስን አያገኝም ነበር። በሌላ በኩል ግን ፍራንኮ ኤውስካራን ከትምህርት ቤት ባስወጣበት፣ የባስክ ባንዲራ በተከለከለበት ዘመን ቋንቋውን፣ ባንዲራውንና ጭፈራውን በአደባባይ ይዘው የቆዩት እነዚያ ባሕር ማዶ የቀሩት ናቸው። በ1960 ቦይሲ ውስጥ የባስክ ወጣቶች የጭፈራ ቡድን ሲያቋቁሙ፣ ቢልባኦ ውስጥ ያንን ባንዲራ ማውለብለብ ያሳስር ነበር። የአትሌቲክና የሪያል ሶሲዬዳድ ካፒቴኖች ኢሪባርና ኮርታባሪያ ባንዲራውን ይዘው ሜዳ የገቡት ፍራንኮ ከሞተ በኋላ፣ በዲሴምበር 1976 ነው። ያኔም ገና አልተፈቀደም ነበር።

ምናልባት የ2015ቱ ጨዋታ ትርጉም እዚህ ላይ ይሆናል። ክለቡ የቦይሲን ልጆች ማሰለፍ አይችልም፤ ራሱ ወደ እነሱ መሄድ ግን ይችላል። ሄደ።

ቦይሲ ውስጥ ከ1987 ጀምሮ ጃይአልዲ የሚባል ትልቅ የባስኮች በዓል በየአምስት ዓመቱ ይከበራል። የ2020ው በኮሮና ምክንያት ቀርቶ ሕዝቡ አሥር ዓመት ጠብቋል። በ2025 ክረምት፣ በጁላይ መጨረሻና በኦገስት መጀመሪያ፣ እንደገና ተከበረ። ጭፈራው፣ እንጨት ቆረጣው፣ ድንጋይ ማንሳቱ፣ ፔሎታው ሁሉ ነበር። ከበግ እረኞቹ መካከል በሕይወት ያሉት ዛሬ ጥቂት ናቸው፤ በጎቹንም አሁን የሚጠብቁት በአብዛኛው ከፔሩ የመጡ ሌሎች ስደተኞች ናቸው። ከመንጋው ጋር ብቻቸውን ተራራ የሚወጡት እነሱ ናቸው።